የውርስ ወንበር

ጓድ ታረቀኝ ሰኞ ጧት ወንበር ሊቆጥር ሳሎን ገብቶ አምስት አገኘ። መልሶ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረ፤ አምስት። ምናልባት ከቀኝ ወደ ግራ ይሻል እንደሆነ ብሎ ሞከረ። ወንበር መቼም በአቆጣጠር አይበዛም፤ ያው አምስት። ከዚያ በኋላ በሰለለ ድምፁ የለቀቀው ጩኸት ከጣሪያው ላይ ርግቦቹን አስነሳ።

ድምፁ የሰለለው ያለ ነገር አይደለም። ታረቀኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ጠርቶ፣ ገና «ጓዶች» ብሎ ሲጀምር ድምፅ ማጉያው ተቃጠለበት። እሱ ደግሞ በዚህ ሰበብ ንግግር የሚያቋርጥ ሰው አልነበረምና፣ ዣንጥላ ይዞ በቆመው ሕዝብ ፊት ስብሰባው እስኪያልቅ በጉሮሮው ተናገረ።

ጊዜው ነሐሴ ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሶ ከተማው ሁሉ ይቀባል። አጥር ይቀባል፣ የዛፍ ግንድ ይቀባል፤ አንድ ቦታ አብዝቶ የቆመ ሰውም ሳይቀባ ከቀረ ዕድለኛ ነው። የታረቀኝ ቀበሌ ለበዓሉ የሚያበረክተው ደግሞ ወንበር ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ያረፈበት የጉለሌው ቪላ፣ ድሮ ፓሪስ በኤምባሲ ሥራ የኖሩ የአንድ ባላባት ቤት ነው። ቤቱ ሲወረስ ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ስድስት ነጫጭ የፈረንሳይ ወንበሮችም አብረው ተወረሱ። አሁን የውጭ እንግዶች እንዲቀመጡባቸው ከበላይ ታዝዞ ሐሙስ መኪና ሊወስዳቸው ነው። አንዴ ከሄዱ ወዲያ ጉለሌ እንደማይመለሱ ማንም ያውቃል።

ታረቀኝ ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቀም። የግቢውን ዘበኛ ወልዱን ይዞ ከቀበሌው እስር ቤት ዘጋበት።

ከወንጀል ምርመራ የተላከው መቶ አለቃ ዓምሃ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ አጠር ወፈር ያለ፣ ካፉ መፋቂያ የማይለየው ሰው ነው። ነፍሰ ገዳይ ይዟል፣ የባንክ ዘራፊ ይዟል፤ ወንበር ፈልግ ተብሎ ሲታዘዝ ግን የመጀመሪያው ነበር። ቅር አላለውም። በእነዚያ ዓመታት ሬሳ የሌለበት ጉዳይ ሲደርሰው እግዜርን ያመሰግን ነበር።

«አሻጥር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ!» አለ ታረቀኝ በር ላይ ተቀብሎት። «ደግሞ ከኋላ ያለውን ሰው በስም ደርሰንበታል።»

«ማን ይባላል?»

«ሉዊ።»

«ሉዊ?»

«ሉዊ አሥራ ስድስት። የድሮዋ ባለቤት ወይዘሮ አፀደ ራሳቸው አምልጧቸው ሲናገሩ ሰማሁ። ‹ወይኔ የሉዊ አሥራ ስድስት ወንበሮቼ› አሉ። ፈረንጅ ነው። ንብረቴን መልሱ ብሎ ሰው ልኮ ይሆናል።»

ዓምሃ መፋቂያውን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዛወረ። «አሥራ ስድስቱስ ምንድነው?»

«የቤት ቁጥር መስሎን ፈተሽን። ቤት ቁጥር አሥራ ስድስት ባዩሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ናት ያለችው። ወንበርም ፈረንጅም አልተገኘባትም።»

ዓምሃ ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠውና ወደ ሳሎኑ ገባ። አምስቱ ወንበሮች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ባለ ክንድ ማሳረፊያ፣ አመድማ ነጭ ተቀብተው ጠርዛቸው ላይ ወርቅ የተሳበባቸው፣ መቀመጫቸው የደበዘዘ ሰማያዊ ሐር የለበሰ። ሐሩ ዙሪያውን ጭንቅላታቸው በሚያብለጨልጭ የናስ ምስማሮች ተመቷል። ሳሎኑ ከቅዳሜ ወዲህ አልተጠረገም። ዓምሃ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከና ወለሉን አየ።

ከእያንዳንዷ ወንበር ሥር እንደ በሶ የላመ የእንጨት ብናኝ አለ። ነቀዝ እየበላቸው ነው። ስድስተኛዋ የነበረችበት ቦታ ላይ የአራት እግሮቿ ምልክት በወለሉ ሰም ላይ ቀርቷል፤ ብናኝ ግን ቅንጣት የለም።

«ነቀዝም ያማርጣል እንዴ?» አለ ለራሱ።

ወልዱ ከእስር ቤቱ ጥግ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ ቁጭ ብሏል። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ የለውም። ከጎኑ አበባ የተሳለበት የምግብ ሳህን ተቀምጧል፤ ባዶውን ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ብርድ ቢጠናብኝ ፈልጬ አነደድኳት። ይጻፉት።»

«የት?»

«እዚያው ጥበቃ ቤቴ፣ ማንደጃው ላይ።»

ዓምሃ ወጥቶ አመዱን በእንጨት ሲቆሰቁስ ቆየና እጁ ጠቁሮ ተመለሰ። «ወልዱ፣ የወንበሯ ጨርቅ የተመታው በናስ ምስማር ነው። ናስ አመድ አይሆንም። ምስማሮቹ የት ገቡ?»

ወልዱ አሰበ። «ዋጥኳቸው ልበልዎት?»

«እሱን አልጽፍም።» ዓምሃ አጠገቡ ተቀመጠ። «ስማኝ። ሐሙስ መኪናው ሲመጣ ወንበሯ ከሌለች በሷ ፈንታ አንተ ነህ የምትሄደው። የአብዮቱን በዓል ያሰናከለ ተብለህ ከሄድክ በኋላ እኔም የት እንዳለህ አላውቅም። ማንን ነው የምትሸፍነው?»

ወልዱ ካፖርቱን ወደ አንገቱ ሰበሰበ። ጆሮዎቹ ግን ቀሉ። ዓምሃ በሥራ ዘመኑ በፍርሃት የሚናዘዝ ብዙ ሰው አይቷል፤ ያላደረገውን ተናዞ እንዲህ የሚያፍር ግን አይቶ አያውቅም። «ይሄ ሰው ወዷል» ብሎ ወጣ።

ወይዘሮ አፀደ የገዛ ቤታቸው ሲወረስ ጓሮ ያለው ኩሽና ተትቶላቸው እዚያ ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአንዲት ወፍራም ድመትና የግድግዳውን ግማሽ ከያዘ የብረት የፈረንጅ ምድጃ ጋር ነው ውሏቸው። ለዓምሃ ሻይ ቀዱለትና ከሁሉ በፊት ጠየቁት።

«ወልዱን መቱት?»

«አልመቱትም። እኔ እያለሁ አይመቱትም።»

«እንግዲያ ጠጣ።»

«ሉዊ የሚባለውን ሰው እየፈለግን ነው» አለ ዓምሃ ፊቱን አጥብቆ።

አሮጊቷ ድመቷን እስኪያስደነግጡ ሳቁ። «ንጉሥ ነው ልጄ! የፈረንሳይ ንጉሥ! ወንበሩ በሱ ዘመን የወጣ ስለሆነ በስሙ ይጠራል።» ከዘራቸውን አንስተው ከከሰል ማንደጃው አመድ የፈሰሰበት ወለል ላይ ይሥሉለት ጀመር። «ይኸውልህ። የአሥራ አምስተኛው ሉዊ ወንበር ዳንስ ይወዳል። እግሩ ጉልበቱ ላይ ይታጠፋል፣ ሁለመናው ይጠማዘዛል። ኋላ ጣሊያን አገር የተቀበረ የሮማውያን ከተማ ተቆፍሮ ሲወጣ ፈረንሳዮቹ አዩና የድሮው ማረካቸው፤ ቀጥ ያለ ዓምድ፣ ክብ፣ አራት ማዕዘን። ስለዚህ የአሥራ ስድስተኛው ወንበር ቀጥ አለ። እግሩ እንደ ጧፍ እየቀጠነ ይወርዳል፣ እንደ ዓምድ ቦይ ቦይ ይወጣለታል። መደገፊያው ሞላላ ነው። እግሩ ከመቀመጫው የሚጋጠምበት ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን ውስጥ አበባ ይቀረጻል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በፍቅራቸው ያበደ ነበር።»

«ከመጠማዘዝ በኋላ ቀጥ ማለት፤ የአብዮት ነገር ይመስላል።»

«ቀጥ ብሎ የት ደረሰ?» አሉ ወይዘሮ አፀደ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዓምሃ እንዳልሰማ ሆኖ ሻዩን ፉት አለ። «የጠፋችው ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር ነበራት?»

እጃቸው ድመቷ ጀርባ ላይ ቆመ። «ስድስቱም እኩል ናቸው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ምድጃው ሸሸ።

ታረቀኝ ውጭ ሆኖ እየተንቆራጠጠ ነበር። «እሺ፣ ሉዊስ?»

«ተይዟል።»

«ተያዘ?!»

«አብዮተኞች ይዘው አንገቱን ከቆረጡት ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ንጉሥ ነበር።»

ታረቀኝ ላብ አጠመቀው። «እና እኛ እንግዶቹን በንጉሥ ወንበር…»

«የተወረሰ ነው እኮ፣ ጓድ። ንጉሡንም ሕዝብ ነው የወረሰው።»

«ልክ ነው» አለ ታረቀኝ ትንፋሹ መለስ ብሎለት። «ልክ ነው። ይህን ለእንግዶቹ መንገር ይቻላል።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ዊንጌት አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሳቢት አንዲት ነጭ የፈረንሳይ ፎቴ ደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶኛል።»

ሳቢት ሱቁ ውስጥ በወንፊትና በፋኖስ መሀል ተቀምጦ ነበር። ፎቴዋም አለች፤ ነጭ ናት፣ ወርቅ ቅብ አላት። ዓምሃ የተደረበባትን ጆንያ ገልጦ እግሯን አየ። ጉልበቷ ታጥፏል።

«ይቺ የአሥራ አምስተኛው ናት» አለ፣ ይህን ካወቀ ግማሽ ቀን እንኳ ያልሞላው መሆኑን ሳያሳውቅ። «የኔዋ ቀጥ ያለች ናት። ቦይ ቦይ ያላት።»

ሳቢት እፎይ ሊል ሲል መለስ አለና ጢሙን አሻሸ። «ቦይ ቦይ ያላት… እ… ማለቴ፣ እንዲህ ያለች እግር አይቻለሁ። ግን የት ሆነህ አየህ ካሉኝ ጉድ ይፈላል።»

«የት ሆነህ?»

«እዚሁ። እሑድ፣ ስብሰባው ሰዓት። ሱቄን ገርበብ አድርጌ… በአላህ ይሁንብዎት፣ ለቀበሌ እንዳይነግሩብኝ።»

«ስለ ስብሰባ አልመጣሁም። ቀጥል።»

«አንዲት ሴት ከተሸካሚ ጋር አለፈች። በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ነው፤ አንዱ እግር ወጣ ብሏል። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ቦይ ያለው። ከላዩ ላይ አበባ አለው፤ ቁርጥ አደይ አበባ። ዘርዘር ያለ፣ ስምንት ቅጠል። የምወደው ዓይነት ዕቃ ነውና አላስቻለኝም፤ ‹እህቴ፣ አይሸጥም?› አልኳት። ‹አይሸጥም፣ የውርስ ነው› አለችኝ።»

«የውርስ ነው አለችህ?»

«አዎ! የውርስ ከተባለ እኔ ምን ቤት ነኝ? የመንግሥት ዕቃ ነው ብዬ በሬን ዘጋሁ። የውርስ ነገር ጠይቆ ማን በጤና ይተኛል?»

«ፊቷስ?»

«ተከናንባለች። ጣቶቿን ግን አየሁ፤ ቡናማ ናቸው። መጀመሪያ ሂና መስሎኝ ነበር። ኋላ ስታልፍ ሸተተኝ፤ ቫርኒሽ ነው።»

ዓምሃ ወደ ቪላው ተመልሶ እንደገና ተንበረከከ። በአምስቱ ወንበሮች ላይ የተቀረጸው አበባ ቅጠሉ ተደራርቦ እንደ ጽጌረዳ የተጠቀለለ ነው። አደይ የሚመስል አንድም የለም። መፋቂያውን ሲያኝክ ቆየ። ነቀዝ የማይበላት፣ አደይ አበባ ያበቀለች የፈረንሳይ ወንበር! ይቺ ወንበር ፓሪስን አይታ አታውቅም።

ማክሰኞ ጧት ወደ እንጨት ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሄደ። ዊንጌት አካባቢ ቫርኒሽ የጠጣ ጣት ያላት ሴት የምትገኘው እዚያ ነው። ከቫርኒሽ ክፍሉ ሠራተኞች ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ረዘም ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች። ጣቶቿ ቡናማ ናቸው።

«እሑድ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ስብሰባ» አለች ብሩሿን ሳታቆም።

«ምን ተባለ?»

«ስለ በዓሉ። ስለ ጽዳት። ስለ ንቃት። አሻጥረኞችን ስለማጋለጥ።»

ዓምሃ ይህን ጥያቄ በመጠየቁ ራሱን ታዘበ። ስብሰባ ላይ ምን እንደሚባል ለማወቅ ስብሰባ መሄድ አያስፈልግም። «ሊቀመንበሩ ጥሩ ተናገረ ይላሉ» አለ እንደ ዋዛ። «ከኋላ ለቆመ ሰውስ ይሰማ ነበር?»

«እንዴታ፣ ድምፅ ማጉያው እንኳን ለኛ ለእንጦጦም ይተርፋል።»

ታረቀኝ ሰኞ ድምፁ ለምን እንደሰለለ ለዓምሃ ነግሮታል። ብሩሿ ቆመ። የተሳሳተ ነገር መናገሯን ከፊቱ አነበበች፤ የቱ እንደሆነ ግን አልገባትም።

«ስምሽን ማን ልበል?»

«ደራርቱ።»

«ደራርቱ ምን ማለት ነው?»

«አበባ… ያበበች እንደማለት ነው። አባቴ ነው ያወጣልኝ።»

«አባትሽስ?»

«ነገራ። አናጢ ነበር። ዐርፏል፣ ካቻምና።»

ዓምሃ መፋቂያውን ካፉ አወጣ። ይህን የሚያደርገው ጉዳይ ሲያልቅለት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን እንዳለቀለት ደስ አላለውም። አላሰራትም። «ቤትሽ ከሰዓት እመጣለሁ» አላት። እሷም «እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከብሩሿ ጫፍ በላይ አልተሰማም።

ወይዘሮ አፀደ የነገራን ስም ሲሰሙ ድመቷን ከጭናቸው አወረዱ።

«ጥፋቱ የማንደጃ ነው» አሉ። «አንድ ክረምት ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሳለ፣ ሳሎን ከሰል አስገብቼ ስሞቅ አንዷን ወንበር አስጠግቼ ኖሯል። የኋላ እግሯ ነደደ፣ መደገፊያዋ ተሰነጠቀ። ሞቼ ነበር! ያ ሰው ከኔ ይልቅ ወንበሮቹን ነው የሚስማቸው እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ ቀልዱ መጣብኝ። ነገራን አስጠራሁት። ‹ይቺን የምትመስል ሥራልኝ፣ ማንም እንዳያውቅ› አልኩት። የተቃጠለችውን ለናሙና ወሰዳት። አዲሲቱን ነቀዝ ከማይደፍረው ጽድ ሠራት፣ ቀባት፣ ጨርቁንና ምስማሩን ከዚያችኛዋ ገፎ አለበሳት። ባለቤቴ ተመልሶ ስድስቱንም ዞሮ ተቀመጠባቸውና ምን አለ መሰለህ? ‹ይቺ ከሁሉም ትመቻለች› አለ። እስኪሞት ድረስ ከሷ ሌላ ላይ አልተቀመጠም። እኔም እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።»

«የተቃጠለችውስ የት ደረሰች?»

«ልጄ፣ እኔ እንዴት ደፍሬ ልጠይቅ?» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳቁ። «ከዘራዬን አቀብለኝ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጡ። አሮጊቷ ከግቢው ከወጡ ቆይተዋልና በየደጃፉ ሰላምታ ያስቆማቸዋል። ዓምሃ ክንዱን አውሷቸው ዝናቡን በዣንጥላ እየከለከለ፣ ተጠርጣሪ ሊይዝ ሳይሆን እናቱን ለጥየቃ የሚያደርስ ሰው መስሎ ሄደ።

የደራርቱ ቤት በሩ ክፍት ነበር። መሀል ወለሉ ላይ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛዋ ራቁቷን ናት፤ ጨርቋ ተገፎ ጽዱ ይሸታል፣ እግሯ አናት ላይ አደዩ አብቧል። ሁለተኛዋ ሐሯን ለብሳለች፤ የኋላ እግሯ ግን አዲስ ነው፣ በጠፍር ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ሰውነቷን ነቀዝ ወንፊት አድርጎታል።

«ጣሪያው ሥር ሰቅሏት ኖረ» አለች ደራርቱ ቆማ። «ሲያርፍ አወረድኳት። እግሯን እኔ ሠራሁላት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ያባቴን ላወጣ፣ ጨርቁን ላዛውር፣ የፈረንሳዩዋን በቦታዋ ልመልስ። የነሱን ለነሱ፣ የኔን ለኔ። ሰው ሁሉ ስብሰባ ሄዶ ሳለ ወልዱ ከፈተልኝ። በዚያው ቀን ልመልስ ነበር። ኮላው… ኮላው አልደርቅ አለ! ነሐሴ ነው፣ ቤቱ ያፈሳል። እሑድ ማታ ሳነሳት እግሯ ተነቀለ። ደግሜ ለጠፍኩ። ሰኞ ጧት ደግሞ ሊቀመንበሩ ቆጠረ።»

«ለምን መጥተሽ አልተናገርሽም?»

«ለወልዱ ምግብ ሳደርስ ልናገር አልኩት። ‹ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ሁለታችንም ገባን፤ ወንበሯን ጨርሺ› አለኝ።» እንባዋ ወረደ። «ወልዱ እንደዚህ ነው። እኔ ላገባው እሺ ያልኩት ባለፈው ፋሲካ ነው፤ እሱ ግን ከዚያ በፊትም እንደዚሁ ነበር።»

«አንዲት ወንበር ለዚህ ሁሉ ታበቃለች?» አለ ዓምሃ፤ ሊገስጻት አስቦ ነበር።

ደራርቱ ራቁቷን ወንበር መደገፊያዋ ላይ ያዘች። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በር ሠራ፣ አልጋ ሠራ፣ የሬሳ ሳጥን ሠራ። ሁሉም ሰው ቤት ነው፣ የሬሳ ሳጥኑም መሬት ውስጥ። ቀስ ብሎ፣ እየዘፈነ የሠራት ይቺን ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የፈረንሳዮቹን አበባ ሲያይ ‹ይሄን አላውቀውም፤ የማውቀውን አበባ ልቅረጽ› አለና ስሜን ቀረጸ። ስታልቅ መጀመሪያ ያስቀመጠው እኔን ነው። እሷን ወስደው ለማያውቋት ሰዎች ሲሰጧት ቆሜ ላይ?»

ወይዘሮ አፀደ መልስ ሳይጠብቁ ሄደው የጽዷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እውነቱን ነበር» አሉ። «ትመቻለች።»

ዓምሃ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው። የተወረሰ ንብረት ያወጣ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ያወጣበትን ምክንያት የሚጠይቅ እንደሌለም ያውቃል። ድንገት የሳቢት ቃል ትዝ አለው።

«አሮጌ ዕቃ ሻጩ ሲጠይቅሽ የውርስ ነው ያልሽው ለምንድነው? መንግሥት የወረሰው ነው ማለትሽ ነው?»

«ኧረ ያባቴ ውርስ ነው ማለቴ ነው! ሌላ ምን ልበል?»

ዓምሃ እስኪያስለው ሳቀ። አሥር ዓመት ሙሉ ውርስ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ሲሰማ ኖሮ፣ ሰው ከአባቱም እንደሚወርስ ጨርሶ ረስቶት ነበር። ስቆ ሲያበቃ ግን አሳዘነው። መፋቂያውን ኪሱ ከተተ።

«ቤቱ ሲወረስ የተጻፈውን አይቻለሁ፤ ‹የፈረንሳይ ሥራ ወንበር ስድስት› ነው የሚለው» አለ። «ፈረንሳይ አገር አደይ አበባ ይበቅላል እንዴ፣ ወይዘሮ አፀደ?»

«የት አባቱ!»

«እንግዲያ ይቺ አልተወረሰችም። ያልተወረሰ ደግሞ አይሰረቅም። የቀረን ነሐሴን ማሸነፍ ነው። ኮላው የት ይድረቅ?»

አሮጊቷ ከወንበሩ ተነሡ። «እኔ ኩሽና። ያ ምድጃ ከተለኮሰ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ ይነዳል። አንድ ጊዜ አቃጥያታለሁ፤ አሁን ጠብቄ አደርቃታለሁ።»

የፈረንሳይዋ ወንበር ማክሰኞ ማታ በጆንያ ተጠቅልላ ኩሽና ገባች። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወይዘሮ አፀደ ከምድጃው ፊት ከዘራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ወንበሯን አንዴ ያስጠጋሉ፣ አንዴ ያርቃሉ፤ ድመቷ ሐሩ ላይ ልትወጣ ስትሞክር በከዘራ ይመክሯታል። ደራርቱ በየሰዓቱ እየገባች በጣቷ ትነካለች። ማታ ላይ ጠፍሩ ተፈታ። እግሯ ቆመ።

ሐሙስ መኪናው ደጅ ሲደርስ ታረቀኝ ገረጥቶ ሳሎን ገባና ስድስት ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«የት ተገኘች?»

«እዚሁ ግቢ፣ ኩሽና ውስጥ» አለ ዓምሃ። «የኋላ እግሯ ተቃጥሎ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል የሆነች ጓድ ለበዓሉ ጠግናታለች። ዘበኛው ይህን ያውቃል፤ ሴቲቱ ሳትጨርስ እንዳትጨናነቅ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ ዓምሃ ቃሎቹን ሌሊቱን ሲመርጥ ነው ያደረው።

ታረቀኝ ወንበሯን ገልብጦ አየ። «እውነተኛዋ ለመሆኗስ?»

«ነቀዙን ይመልከቱ፣ ጓድ። እንዲህ የነቀዘ ወንበር ከፈረንሳይ ካልሆነ ከየት ይመጣል?»

ታረቀኝ አሰበበት። ከዚያ ወልዱን ፍቱት አለ። ወልዱ ከእስር ቤቱ ሲወጣ ካፖርቱ ላይ ገለባ ነበር፤ ደራርቱ በሰው ፊት አራገፈችለት።

መስከረም አጋማሽ ላይ በዓሉም ወንበሮቹም ሄደው፣ ዳገቱ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ወልዱና ደራርቱ ጎረቤት ጠርተው ትንሽ ድግስ ደገሱ። ዓምሃ መጣ፤ ወይዘሮ አፀደ በክንዱ ናቸው። ሳቢት ለሙሽሮቹ ወንፊት ይዞ መጣ። ታረቀኝም ተጠርቷልና መጣ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። ሊቀመንበር ስለሆነ ጥሩውን ወንበር ሰጡት፤ ነጭ ነው፣ አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል።

ታረቀኝ ተደላደለ። ጀርባውን ለቀቀ። እጁ የክንድ ማሳረፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄስ ወንበር ከየት መጣ?»

ሳቢት ሳህኑን አተኩሮ ማየት ጀመረ።

«የውርስ ነው» አለች ደራርቱ።

ታረቀኝ እሳት እንደነካው ብድግ አለ። «የውርስ? የማን?»

«ያባቴ።»

ታረቀኝ ቆሞ ቀረ። ሴቲቱን አየ፣ ወንበሩን አየ። ጎንበስ ብሎ እግሩ አናት ላይ ያለውን አበባ በጣቱ ዳሰሰው። በሩ ላይ በተነጠፈው ቄጠማ ውስጥ ያው አበባ ተበትኗል።

«ያባትሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ይመስል። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጁ አነሳና ወስዶ ከደራርቱ ኋላ አስቀመጠው።

«እንግዲያ አንቺ ተቀመጭበት» አላት፤ እሱም ሄዶ አግዳሚው ላይ ከዓምሃ ጎን ተጠጋ።